ስሙ የተሸፈነ ማመልከቻ

ቅዳሜን እፈራ ነበር። ሌላው ቀን ግድ አይሰጠኝም፤ ከሰኞ እስከ ዓርብ ማተሚያ ቤት ውስጥ የሰው ጽሑፍ ሳርም እውላለሁ። የመማሪያ መጽሐፍ፣ የሠርግ ጥሪ፣ የሐዘን ማስታወቂያ፣ የሳሙና ማሸጊያ ሳይቀር በእጄ ያልፋል። ማሽኑ ሲጮህ ሰው ብቻውን መሆኑን ይረሳል። ቅዳሜ ግን ማሽኑ ዝም ይላል፣ ቤቴም ዝም ይላል፣ እኔም ዝም እላለሁ።

እናቴን ስድስት ዓመት አስታምሜ በሰባተኛው አረፈች። ያኔ ሠላሳ ሦስት ዓመቴ ነበር። «እጠብቅሻለሁ» ብሎኝ የነበረው ሰው ሁለተኛውን ዓመት እንኳ አልጠበቀም። የሠርግ ጥሪው የታተመው እኛ ጋ ነበርና በካርዱ ላይ ያለውን የፊደል ስህተት ያረምኩለት እኔ ነኝ። ሳልሳሳት አረምኩለት። ሙያ ሙያ ነው።

እናቴ ከሄደች በኋላ ሁለቱ ክፍል ቤት ሰፋብኝ። መድኃኒቷን የምሰጥበት ሰዓት ሲደርስ እጄ ሳላዘው ወደ መደርደሪያው ይሄዳል። ቅዳሜ ጠዋት የታጠበ ሰሃን መልሼ አጥባለሁ። ሬዲዮ እከፍትና ዜና አንባቢውን «ኧረ ተው!» እያልኩ እከራከረዋለሁ፤ አንድ ቀን ጎረቤቴ በሩን አንኳኩታ «እንግዳ መጣ እንዴ?» አለችኝ። «አዎ» አልኳት። ከዚያ ወዲያ ሬዲዮውንም ቀነስኩት።

በዚህ መሃል የማተሚያ ቤቱ ሥራ አስኪያጅ አንድ ወረቀት ይዞ መጣ። ዩኒቨርሲቲው ተመራቂ ተማሪዎችን ስለ ሥራ የሚያማክሩ በጎ ፈቃደኞች ይፈልጋል፤ ማመልከቻ የሚያርም፣ ለቃለ መጠይቅ የሚያለማምድ።

«ክፍያ ግን የለውም» አለ፣ ስለ ተላላፊ በሽታ እንደሚያስጠነቅቅ ሰው።

«መቼ መቼ ነው?»

«ቅዳሜ ቅዳሜ።»

ወረቀቱን አንብቤ ሳልጨርስ ፈረምኩ። በሥራ ዘመኔ እስከ መጨረሻው ሳላነብ የፈረምኩት እሱን ብቻ ነው። እውነቱን ልናገርና፣ ልጆቹን ልርዳ ብዬ አልሄድኩም። ሰው ያለበት ክፍል ፈልጌ ነው የሄድኩት።

የተሰጠን ክፍል ከቤተ መጻሕፍቱ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነበር። ሦስት ጠረጴዛ፣ የአንዱ እግር የሚወላገድ። የታጠፈ ካርቶን ካልተሸጎጠበት የማይዘጋ መስኮት። ተማሪዎቹ አሥራ አንድ ናቸው፤ ሁሉም የውሃ ምሕንድስና ተመራቂዎች። አማካሪዎቹ ደግሞ ሁለት፤ እኔና አንድ ጫማው ላይ ጭቃ የደረቀበት ሰውዬ።

ሰውዬው መሐንዲስ ነው፤ የጉድጓድ ውሃ ያስቆፍራል። ሲናገር ቃላቱንም ከጉድጓድ የሚቀዳቸው ይመስላል፤ አንዷን አውጥቶ ሌላዋን እስኪያወጣ ሻይ ይጠጣል። ልጆቹ በሁለተኛው ቅዳሜ «ጠብታ» አሉት። እኔን በቀይ እስክሪብቶዬ ምክንያት «ቀይዋ» አሉኝ። መልኬ ጠይም ነው፤ ጠይም ማለት እንኳ ማሳመር ነው። በስልክ «ቀይዋ ጋ ነን» ሲባል ሰምቶ ሊፈልገኝ የመጣ ሰው ካለ እስካሁን እየፈለገ ነው።

አንዷ ተማሪ ግን ቅጽል ስሟን ይዛው ነው የመጣችው። «እሺ» ይሏታል። ወንበር አምጪ ሲሏት እሺ፣ የኔንም ጻፊልኝ ሲሏት እሺ፣ ሹራብሽን አውሺኝ ሲሏት እሺ። እምቢ ማለት ስለማትችል የቡድኑ ተጠሪ አደረጓት። ትምህርቷ ላይ የሚያህላት የለም፤ ስትናገር ግን ዓይኗ ጫማዋ ላይ ነው። በመጀመሪያው ቀን «ለምንድን ነው አንቺን የምቀጥርሽ?» ብዬ ብጠይቃት «እሺ» አለችኝ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እሷም አብራ ሳቀች፤ አንጀቴን የበላኝ ያ ነው። ስትወጣ «እሺ ሁልጊዜ መልስ አይደለም» አልኳት።

እኔ ልጆቹን የማስተምራቸው ሕግ አንድ ብቻ ነበር፦ ዋናውን ከላይ። «ቀጣሪ እስከ ሥር አያነብም» እላቸዋለሁ። «የምትፈልጉትን መጀመሪያው መስመር ላይ አድርጉት። ሰላምታው፣ ምስጋናው፣ የአባታችሁ ደግነት ኋላ ይደርሳል።» እሱም የራሱ ሕግ ነበረው። «ጉድጓድ ሲቆፈር ከውሃው በፊት ጭቃው ይወጣል። ጭቃውን አይታችሁ እንዳትሄዱ።» ልጆቹ ሁለቱን እያጋጩ ያሾፉብን ነበር፤ አንዱ አፈ ጮሌ «ቀይዋ አሁኑኑ ትላለች፣ ጋሽ ጠብታ ቆዩ ይላሉ፣ እኛ የቱን እንስማ?» ይላል።

ስም መሸፈኑ ግን የእሱ ሐሳብ ነበር። አንድ ቅዳሜ ልጆቹ ከወጡ በኋላ ያረምኳቸውን ማመልከቻዎች ሲያገላብጥ ቆየና፣

«የእሺ ላይ ቀዩ ያንሳል» አለኝ።

«እንዴት?»

«ስለሚያዝኑላት ያልፏታል። የአፈ ጮሌው ግን በግ የታረደበት መስሏል።»

ደነገጥኩ፤ ምክንያቱም እውነት ነበር። ከዚያ ወዲህ ማመልከቻዎቹ በኮምፒውተር ተጽፈው፣ ስሙ ላይ ነጭ የወረቀት ፕላስተር ተለጥፎባቸውና ቁጥር ተሰጥቷቸው ይመጡልኝ ጀመር። የምትሰበስበውም፣ የምትለጥፈውም፣ የማን ስንት ቁጥር እንደሆነ መዝግባ የምትይዘውም እሺ ናት። እኔ ቁጥር እንጂ ሰው አላይም።

ለማሳያ ደግሞ እኔና እሱ ቀጣሪና ተቀጣሪ እየሆንን እንተውን ነበር። አንድ ቀን መነጽሬን ወደ አፍንጫዬ ጫፍ አውርጄ፣

«ድክመትዎ ምንድን ነው?» አልኩት።

ሻዩን ተጎነጨ። ልጆቹ የትወናው አካል መሰላቸው።

«ዋናውን ነገር ለመጨረሻ አስቀምጣለሁ» አለ። «አንዳንዴም የምናገረው ሰው ከሄደ በኋላ ነው።»

«እንግዲያው አልቀጥርዎትም!»

ተሳቀ። ቦታ ተለዋወጥን። አሁን ጠያቂው እሱ ሆነ።

«እርስዎስ፣ እዚህ መሥራት ለምን ፈለጉ?»

የተዘጋጀ መልስ ነበረኝ፤ ልጆቹ በቃላቸው የሚያውቁት፣ ስለ ትጋትና ስለ ቡድን ሥራ። ከአፌ የወጣው ግን ሌላ ነው።

«ቅዳሜ ቤቴ በጣም ጸጥ ይላል።»

ካመለጠኝ በኋላ ነው ራሴን የሰማሁት። ማንም አልሳቀም። ቀና ብዬ አየሁት። አዘኔታ ጠብቄ ነበር፤ አዘኔታ ቢሆን ቦርሳዬን አንስቼ እሄድ ነበር። እሱ ግን ያየኝ የራሱን ቤት ጸጥታ እንዳወጣሁበት ሰው ሆኖ ነው።

«ተቀጥረዋል» አለ፣ ዝግ ባለ ድምፅ።

በቀጣዩ ቅዳሜ እንደወትሮው ፔርሙዙን ይዞ መጣ። እስከዚያ ቀን ሻዩን በፔርሙዙ ክዳን ለብቻው ነበር የሚጠጣው። ያን ቀን ግን ከቦርሳው ዳርቻዋ ሰማያዊ የሆነች የብረት ኩባያ አወጣና ፊቴ አስቀመጣት። «ሳላስበው ቦርሳ ውስጥ ገባች» አለ፣ ወደ መስኮቱ እያየ። ኩባያዋ በቅርቡ የተገዛች ነበረች፤ የዋጋው ወረቀት ከሥሯ አልተላጠም። አየሁት፤ አላየሁም ብዬ ጠጣሁ።

ከዚያ ልጆቹ ሲወጡ እስከ አውቶቡስ ማቆሚያው አብረን መሄድ ጀመርን። መንገዱ የአሥር ደቂቃ ነው፤ እኛ ግን ግማሽ ሰዓት እንፈጅበታለን። ብዙ አናወራም። እሱ መንገድ ላይ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ ሲያይ ሳያጠብቀው አያልፍም፤ እኔ የሱቅ ማስታወቂያ ላይ ስህተት ሳይ ቆሜ ሳልናደድ አላልፍም። አንድ ቀን ዝናብ ይዞን ከቤተ መጻሕፍቱ ደጃፍ ቆመን ሳለን፣

«አንቺ ልበልዎት?» አለኝ።

«ከቻልክ ማን ከለከለህ» አልኩት።

ዝናቡ እንዳያባራ ተመኘሁ። ጉንጬ ሲሞቅ ይታወቀኛል፤ ጠይም መሆን የሚጠቅመው ይኼኔ ነው። ከዚያ ወዲህ ዓርብ ዓርብ ልብስ መተኮስ ጀመርኩ።

ታላቅ እህቴ ሌላ ከተማ ነው የምትኖረው። እሁድ እሁድ ከባሏና ከአራት ልጆቿ ጫጫታ መሃል ትደውልልኛለች።

«ትናንት ስንቱን አስቀጠርሽ?»

«ሁለት።»

«የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች አሉ! አንቺስ የምትቀጠሪው መቼ ነው?»

«እኔ ሥራ አለኝ እኮ።»

«ሥራውን ማን አነሳ? የምልሽን ታውቂያለሽ።»

አውቃለሁ። ስለ ኩባያዋ ግን አልነገርኳትም። አንዴ «እጠብቅሻለሁ» የተባለች ሴት ሁለተኛ ጊዜ ቃል ከመስማቷም ከማውጣቷም በፊት ብዙ ትለካለች። እሱ እንዲጀምር እጠብቅ ነበር። እሱ ደግሞ፣ አሁን ሳስበው፣ እኔን ይጠብቅ ነበር።

ለዩኒቨርሲቲው ጉድጓድ የሚያስቆፍርበት የሥራ ውሉ ከትምህርት ዘመኑ ጋር እንደሚያልቅ አውቃለሁ። አንድ ቅዳሜ መንገድ ላይ «ከዚያስ?» ብዬ ጠየቅሁት።

«እያየሁ ነው» አለ። ቆም አለ። ዓይኑ ፊቴ ላይ አንድ ነገር ይፈልግ ነበር። «አንቺ ምን ትያለሽ?»

ማለት የነበረብኝን ልቤ ያውቀዋል። አፌ ግን «ጥሩ ዕድል ከመጣ እንዳያመልጥህ» አለ። ለተማሪ የሚባለውን። እሱም ራሱን ነቀነቀና መንገዱን ቀጠለ።

በዚያው ሳምንት እሺ የመጨረሻዎቹን ማመልከቻዎች በፖስታ አድርጋ ማተሚያ ቤት ድረስ አመጣችልኝ። በምሳ ሰዓት አንድ በአንድ አየኋቸው። አሥራ ሁለት ናቸው። ተማሪዎቹ አሥራ አንድ። አንዱ ሁለት ቦታ ቢያመለክት ነው ብዬ አለፍኩት። ከአራት መቶ ገጽ መጽሐፍ አንዲት ነጥብ የማታመልጣት ሴት!

ቁጥር አሥራ ሁለት ስድስት መስመር ብቻ ነበር። አንዲት ሩቅ ሐይቅ ዳር ከተማ ውስጥ ላለ የውሃ አገልግሎት የተጻፈ ነው። ልምድ አልተጠቀሰም፣ ራስን ማሞገስ የለም። ዳሩ ላይ «ምን ሠርተሃል? ማን ነህ? ሰው ይህን ብቻ ሊሆን አይችልም» ብዬ ጻፍኩ። የመጨረሻው መስመር እንዲህ ይላል፦ «ለመምጣት ዝግጁ ነኝ፤ እዚህ የሚያስቀረኝ ነገር መኖር አለመኖሩን ግን ገና አላወቅሁም።»

ፍቅር የያዘው ልጅ መሆን አለበት ብዬ ፈገግ አልኩ። ከዚያ በቀይ ሰረዝኩት፤ አንዴ አልበቃኝም፣ ሁለቴ። ጎኑ ላይም ጻፍኩ፦ «ይህ ማመልከቻ ውስጥ ምን ይሠራል? የሚያስቀርህ ነገር ቢኖር ኖሮ እስካሁን ታውቀው ነበር። ሰርዘውና ሂድ።»

በእርማቴ ረክቼ ሳንድዊቼን በላሁ።

ቅዳሜ ወረቀቶቹ ለየባለቤቶቻቸው ተመለሱ። እኔ ከአፈ ጮሌው ጋር ስከራከር ቆይቼ ቀና ስል መሐንዲሱ መስኮቱ ጋ ቆሞ አንድ ወረቀት ያነብባል። እሺ አጠገቡ ቆማለች፤ ጫማዋን ታያለች። ወረቀቱን አራት ላይ አጥፎ ደረት ኪሱ ከተተው።

«የማን ነው?» አልኩት።

«የአንዱ ልጅ።»

«በዛበት እንዴ ቀዩ?»

«የለም። እርማቱ ልክ ነው። ልክ ነዎት።»

እርስዎ ከየት መጣ? ሻይ ቀዳልኝ፤ እሱ ግን አልጠጣም። ስንወጣ «እቸኩላለሁ» ብሎ ተለየኝ። አውቶቡስ ማቆሚያው ድረስ ብቻዬን ሄድኩ። የሚያንጠባጥበውን ቧንቧ አየሁና ላጠብቀው ሞከርኩ፤ እጄ አልቻለውም።

ከአራት ቅዳሜ በኋላ ልጆቹ ፊት ቆመና «ሥራ አግኝቻለሁ፤ ሰኞ እሄዳለሁ» አለ። አጨበጨቡለት። እኔም አጨበጨብኩ። የት እንደሆነ አልጠየቅሁም፤ ብጠይቅ ድምፄ ያሳጣኝ ነበር። ይልቁንስ ምን አደረግሁ? መከርኩት። «የመጀመሪያው ሳምንት ብዙ አትናገር፣ አዳምጥ» አልኩት። ለእሱ! ከዓለም ዝምተኛ ለሆነ ሰው!

«እሺ» አለ። ቦርሳውን አነሳ። በሩ ላይ ዞሮ «የጠቀመኝ የእርስዎ እርማት ነው» አለኝ። ለጨዋታ ያህል መሰለኝ።

ልጆቹ ሸኝተውት ሲመለሱ ኩባያዋ ታጥባ ጠረጴዛው ላይ ተገልብጣ ነበር። ፔርሙዙ የለም።

ስልኩ አለኝ። ቁጥሩን እያወጣሁ አየዋለሁ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆንብኝ መልሼ እዘጋዋለሁ። እሱም አልደወለም።

ቅዳሜዎቹ ቀጠሉ። አዲስ ተማሪዎች መጡ፣ አዲስ ፕላስተር ተለጠፈ። ሌላው ወንበር ባዶ ስለሆነ ልጆቹ ቦርሳቸውን ይከምሩበታል። አንድ ረፋድ ስልኬ ጮኸ፤ አፈ ጮሌው ነው፤ ነፋስ ድምፁን ይበትነዋል። «ቀይዋ! የውሃ ታንከር ላይ ወጥቼ ነው የምደውልልሽ! ዋናውን ከላይ ብዬ ተቀጠርኩ!» ማተሚያ ቤቱ ውስጥ ብቻዬን ሳቅሁ። ደስታው የውሸት አልነበረም። ወረቀቱን በግ የታረደበት ያስመሰልኩት ልጅ ዛሬ ለአንድ ሰፈር ውሃ ይለቅቃል፤ ከዚህ የሚበልጥ ደመወዝ ከየት አመጣለሁ? ግን ደስታ የሚነግሩት ሰው ካጣ ቶሎ ይቀዘቅዛል። ቤት ስገባ ለማን ልንገረው? ለዜና አንባቢው ነገርኩት።

እሺ ሥራ ሳታገኝ ሰባት ወር ቆየች። ሦስት ቦታ ለቃለ መጠይቅ ቀርባ ሦስቱም ቦታ ዓይኗ ጫማዋ ላይ ቀረ። ለአራተኛው ልትሄድ ሁለት ቀን ሲቀራት በምሳ ሰዓት ማተሚያ ቤት መጣችና «እትዬ፣ አንዴ ያለማምዱኝ» አለችኝ። በወረቀት ጥቅሎች መካከል ሁለት ሳጥን ገልብጠን ተቀመጥን። መነጽሬን አወረድኩ። ልማዳዊውን ጥያቄ ሁሉ ጨርሼ ያልተጠበቀ ልጨምርባት ፈለግሁ።

«ዝም በማለትዎ የተጸጸቱበት ጊዜ አለ?»

ቀና አለች። በአንድ ዓመት ተኩል ውስጥ የዓይኗን ቀለም ያየሁት ያን ቀን ነው።

«አለ» አለች።

«ይንገሩኝ።»

«አንድ ሰው ወረቀት ሰጡኝ። ‹ስሙን ሸፍነሽ ከሌሎቹ ጋር ቀላቅይው፣ ለማንም አትንገሪ› አሉኝ። እሺ አልኳቸው። ያው እሺ ነኝ። እርማቱን ሲያነቡት አጠገባቸው ነበርኩ። ፊታቸውን አየሁት፣ እትዬ። ‹እትዬ እኮ የእርስዎ መሆኑን አላወቁም› ልላቸው ፈልጌ ነበር። አልቻልኩም።»

«የማን ወረቀት ነው?» ይህን የጠየቀችው ቀጣሪዋ አይደለችም።

«ቁጥር አሥራ ሁለት። የጋሽ ጠብታ ነው።»

ማሽኑ ይጮህ ነበር፤ አልሰማሁትም።

«ሲሰጡኝ ምን እንዳሉኝ ያውቃሉ?» አለች። «‹ስሜን ብትሸፍኚውም እሷ ታውቀዋለች› ነው ያሉኝ።»

«ለምን እስካሁን አልነገርሽኝም?»

«እሺ ብያቸው ነበራ። ቃል ነው ብዬ። ግን እርስዎ ነዎት ‹እሺ ሁልጊዜ መልስ አይደለም› ያሉኝ።» እንባዋ መጣ። ዓይኗን ግን አልሰበረችም። «ጥፋት ከሆነ ይቅርታ። ባልነግርዎት ግን ይበልጥ ጥፋት ይሆንብኛል።»

አቅፌያት አለቀስኩ። የወረቀት ቆራጩ አይቶን «ፈተናውን ወደቀች እንዴ?» አለ። «አልፋለች» አልኩት።

አራሚ ያረመውን አይረሳም። ከሰዓት በኋላ ፊቴ የተዘረጋው የሕፃናት መጽሐፍ ነበር፤ እኔ ግን የማነበው ሌላ ነበር። ሰርዘውና ሂድ። ማንም አልገፋኝም፣ ማንም አላታለለኝም። በገዛ እጄ፣ በገዛ ቀለሜ። ስሙ እንዲሸፈን ያደረገው እሱ ነው፤ የማዝንለት ሰው እንዳይኖር። እውነቱን እንድነግረው ጠየቀኝ፣ እኔ ደግሞ ሳላውቀው ውሸት ነገርኩት። የሚያስቀረው ነገር ነበር እኮ። ተቀምጦ ሳንድዊች ይበላ ነበር።

ከሥራ ስመለስ ደብዳቤ ልጽፍለት ተቀመጥኩ። ሁለት ገጽ ሞላሁ። ስለ ልጆቹ፣ ስለ መስኮቱ ካርቶን፣ ከታንከሩ ላይ ስለተደወለልኝ ስልክ፣ ስለ ይቅርታ። ስጨርስ እንደ ልማዴ ቀዩን አንስቼ አነበብኩት። የፈለግሁት ነገር የመጨረሻው መስመር ላይ ተቀምጧል፣ ያውም ከጤና ምኞት በታች። ለስንት ልጅ የነገርኩትን! ከበብኩትና ወደ ላይ የሚወስድ ቀስት አሰመርኩ። ከዚያ ሌላው ሁሉ ትርፍ መሆኑ ታየኝና ሰረዝኩት። የቀረው አንድ ቃል ነበር። አንድ ቃል በፖስታ አይላክም፤ ይዞ መሄድ ነው።

እሺ ያን ፈተና አለፈች። ሥራ በጀመረች በሁለተኛው ሳምንት ደወልኩላት።

«መጪውን ቅዳሜ ልጆቹን ትይዥልኛለሽ?»

«እምቢ» አለች።

ክው አልኩ። በስልኩ ውስጥ ሳቋ መጣ።

«እየተለማመድኩ ነው እትዬ። እይዛለሁ። ይሂዱ።»

ማመልከቻው ወደተጻፈላት ሐይቅ ዳር ከተማ የሚሄደው አውቶቡስ ጠዋት ነበር የሚነሳው፤ መንገዱ ስድስት ሰዓት ይፈጃል። ግማሽ መንገድ ላይ ፍርሃቱ ሲጠናብኝ እህቴ ጋ ደወልኩ።

«ዛሬ ቅዳሜ አይደለም እንዴ? ስንቱን እያስቀጠርሽ ነው?»

«ዛሬ የማመለክተው እኔ ነኝ» አልኳት።

ከልጆቿ ጫጫታ ራቅ ብላ፣ በጣም ዝግ ባለ ድምፅ፣ «ጎሽ የኔ እህት» አለችኝ። ስልኩን ዘጋሁና በመስኮቱ ማየት ቀጠልኩ። ስምንት ወር አልፏል። ትዳር ይዞ ቢሆንስ? እዚያስ ሌላ ኩባያ ቢኖር? የእኔን ቦርሳዬ ውስጥ ጨበጥኳት።

የውሃ አገልግሎቱ ግቢ ከሐይቁ ራቅ ብሎ ነው። ዘበኛው ማንን እንደምፈልግ ስነግረው «እዚያ ናቸው፣ ቅዳሜም አያርፉም» ብሎ በጣቱ አሳየኝ። ከተከመሩት ቧንቧዎች አጠገብ፣ የፓምፑ ቤት ጥላ ሥር፣ አግዳሚ ላይ ተቀምጧል። ጫማው ላይ ጭቃ አለ። ፔርሙዙ ጎኑ ነው፤ በክዳኑ ይጠጣል።

አየኝ። ክዳኑን አስቀመጠ። ተነስቶ አፉን ለሰላምታ ሲከፍት እጄን አንስቼ አስቆምኩት።

«እወድሃለሁ» አልኩት። «ዋናው እሱ ነው። ሌላው ኋላ ይደርሳል።»

ፓምፑ ይንደቀደቃል። እሱ ዝም አለ። ዝምታውን አውቀዋለሁ፤ ከውሃው በፊት የሚወጣ ነገር አለ። ጠበቅሁት።

«አሥራ ሁለት ቁጥር የማን እንደሆነ ማን ነገረሽ?» አለ በመጨረሻ። አንቺ ተመልሳለች።

«እሺ።»

«አትናገሪ ብያት እሺ ብላኝ ነበር እኮ!»

«አሁን እምቢም ትላለች።»

«ማን አስተማራት?»

«እኛ» አልኩት።

ፈገግታው ከዓይኑ ጀምሮ ወረደ። እጁን ደረት ኪሱ ላይ አሳርፎ ቆየ።

«አውቀሽ የሰረዝሽው መስሎኝ ነበር» አለ።

«ባውቅማ ቀዩን እሰብረው ነበር።»

አንድ እርምጃ ቀረበኝ። «ሰላም እንኳ አላልሽኝም» አለ።

እውነቱን ነው። ተሳስቼ ሳይሆን ቅደም ተከተሉን ጠብቄ ነው።

«እንዴት ሰነበትክ?» አልኩት።

«ብቻዬን» አለ። «አንቺስ?»

«እኔም።»

አግዳሚው ላይ ጠጋ አለልኝ። ኩባያዋን ከቦርሳዬ አውጥቼ በመካከላችን አስቀመጥኳት። ፔርሙዙን አንስቶ ቀዳልኝ። ለአንድ ሰው የሚበዛ ሻይ ነበረበት።